ከረሜላ ይዛ የምትመጣው

ነርሷ የእናቷን ጣት ጫፍ ወጋ አድርጋ የደሙን ጠብታ መለኪያዋ ላይ አሳረፈች። ቁጥሩ ሲወጣ ፊቷ ተለዋወጠ። ማመን አቅቷት ሌላ ጣት ወጋች፤ ያው ነው።

«ማነው ለእማዬ ጣፋጭ የሚሰጣት?» አለች ወደ ኋላዋ ዞር ብላ።

በሩን ተደግፎ የቆመው ታላቅ ወንድሟ፣ የአውቶብስ ሾፌሩ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱም እሱን አየችው። የስኳር በሽታ የአሮጊቷን ዓይን ከጋረደው ወዲህ እዚህ ቤት ስኳር የሚባል ነገር በደጅ አላለፈም። ሾፌሩ ራሱ፣ ያ ሻይ ሲጠጣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ስኳር የሚጨምረው ሰውዬ፣ ለእናቱ ሲል መራራውን ዓይኑን ጨፍኖ መጋት ከጀመረ ቆይቷል።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ አይደል? ሆድህ ቡቡ ነው፤ ስትለምንህ አያስችልህም» አለች ነርሷ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጬ ነው የምውለው። ቤት የሚውል ሰው ጠይቂ።»

ቤት የምትውለው ደግሞ ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ቁመቷ መለል ያለ ስለሆነ አማቷ ገና ዓይናቸው ሲያይ «ሎጋዋ» ብለው አወጡላት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረና ባሏም ደንበኞቿም ሎጋ እያሉ ይጠሯታል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» አለች ሎጋ። እንደ ቀልድ ልታልፈው ሞከረች እንጂ ነገሩ ከንክኗታል። የስፌት መኪናዋ ያለው የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ መንገድ ዳር ያለው መስኮት ሥር ነው። ከዚያ ማድ ቤቱ ይከተላል፤ ከማድ ቤቱ ኋላ የአማቷ ክፍል አለ። ከመንገድ የገባ ሰው እሷን ሳያልፍ አሮጊቷ ዘንድ አይደርስም። የጓሮው ግንብ ደግሞ ድመት እንኳን የማይዘለው ነው።

አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደ ጓሮው መስኮት አዙረዋል። ጠቡ እሳቸውን የሚመለከት አይመስልም። ሎጋ ትክ ብላ አየቻቸው። ምላሳቸው ጉንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር እንደሚያገላብጥ በቀስታ ይንቀሳቀስ ነበር።

ነርሷ ወደ ክሊኒኳ ከሄደች በኋላ ሎጋ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። ሰው የከለከሉትን ይበልጥ ይመኛል። ጣፋጭ ያማራቸውን ሴትዮ በዓይነ ቁራኛ ከመጠበቅ፣ የማይጎዳ ጣፋጭ በገዛ እጄ ብሠራላቸውስ አለች። ለነርሷ ስልክ ደውላ አማከረቻት።

«ተምርም ቢሆን ስኳር ነው፤ እንዳትሸወጂ» አለቻት ነርሷ። «ግን ከአጃና ከኦቾሎኒ ጋር ከሆነ ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። አንዲት ትንሽ ቁራሽ፣ እሱንም ምግብ ከበላች በኋላ። ከዚያ በላይ እንዳትሞክሪ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ለወሬም አይመች። ሎጋ ተምሩን ሳትዘፈዝፍ ከአጃው ጋር አሽታ ምድጃ ውስጥ ረሳችው። አማቷ ነከስ አደረጉና አገጫቸውን ያዙ።

«ልጄ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበት?»

ሁለተኛውን በጣም በበሰለ ሙዝ ለወሰችውና ማንኪያ ላይ አልቆም አለ። «ይሄ ደግሞ ጥርስ ላላወጣ ነው። እኔ የወለቀብኝ ነኝ፤ ልዩነት አለው» አሉ አሮጊቷ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በሦስተኛው ሎጋ ነገሩን እንደ ስፌት ያዘችው። ስፌት ላይ ልክ ሳይወሰድ አይቆረጥም። ኦቾሎኒውን ቆልታ በመዳፏ አሸችና ገለባውን እፍ ብላ አበረረችው። ሰሊጡን ብረት ድስት ላይ ጠብ ጠብ ማለት እስኪጀምር አመሰችው። አጃውን ለብቻው፣ ጠረኑ እስኪለወጥ ድረስ፣ ያለ ዘይት ቆላችው። የተምሩን ፍሬ አውጥታ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችውና ሲለሰልስ ወቀጠችው፤ ከሌላው ሁሉ ትንሹ እሱ ነበር። ቀረፋ ጣል፣ ጨው ቆንጠር አድርጋ ሁሉንም አዋሃደችና እጇን ውሃ እያስነካች አድበለበለችው።

አሮጊቷ አላመጡ። «ይሄስ የሰው ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣት ያስቆረጥማል። ግን ብርቱካን ጎድሎታል።»

«ብርቱካን?»

«የኛው ብርቱካን ነበረው።»

ሎጋ የድሮውን ማለታቸው ነው ብላ አለፈችው። አማቷ የወጣትነት ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ፣ መጠቅለያው ክፍል ነው። እስከ ዛሬም ሥራ ፈተው ሲቀመጡ ጣቶቻቸው የሌለ ወረቀት ይጠመዝዛሉ።

ነርሷ ተመልሳ ስትለካቸው ግን ቁጥሩ ጭራሽ አሻቅቦ ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። ሎጋ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ በጆግ የምትሞላው ውሃ ገና ረፋዱ ላይ ባዶውን ይገኛል። «ጥማቱ በረታባት ማለት ነው፤ መጥፎ ምልክት ነው» አለች ነርሷ፤ ከንፈሯንም ነከሰች።

አንድ ቀን ሎጋ አንሶላ ልትቀይር ትራሱን ስታነሳ ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ። በሰም የተነከሩ፣ ሁለት ጫፋቸው የተጠመዘዘ፣ መሐላቸው ላይ ትንሽ ወፍ የታተመባቸው ናቸው። አንደኛው አልተከፈተም። ፈታችው። ብርቱካንማ ከረሜላ ነው። ጣቷ ላይ ለስለስ አለና ደንግጣ ጣለችው፤ አሁን ከእሳት የወረደ ይመስል ትኩስ ነበር።

ማታ ሾፌሩ ወረቀቱን ሲያይ የያዘውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእማማ ትራስ ሥር። ምነው?»

«ይሄን እኮ እማዬ በሽርጧ ኪስ ነበር የምታመጣልን። ፋብሪካው የተዘጋው እኔ ገና ተማሪ እያለሁ ነው። አሁን የጎማ መጋዘን ሆኗል፤ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ።»

«ደብቀው አስቀምጠውት ይሆናላ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን?» ሾፌሩ ከረሜላውን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። ሙቀቱ አሁንም አልለቀቀውም ነበር።

በነጋታው ባሏ ሲወጣ ሎጋ የስፌት መኪናዋን ሳትከፍት በቀጥታ ወደ ኋላ ክፍል ሄደች። አማቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ወረቀቱን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«እማማ፣ ሆድ ለሆድ እንነጋገር። ይሄን ማነው የሚያመጣልዎት?»

አሮጊቷ ወረቀቱን ዳሰሱት። ፊታቸው በራ። «ጉንጮ ናታ።»

«ጉንጮ ማን ናት?»

«ጠረጴዛ የምጋራት ልጅ ነበረች። ከረሜላ ከጉንጯ አይጠፋም፤ አለቃው ሲመጣ ምላሷ ሥር ትደብቀዋለች። በዚያ ነው ስሙ የወጣላት።» እየሳቁ ጀምረው ሳቁ መሐል ላይ ቀረ። «ኋላ ጥማት ያዛት። ከቧንቧው ሥር አትጠፋም ነበር። ጠጥታ ጠጥታ አትረካም። ከሳች፤ ጉንጯ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን እንደ ደፋች ቀረች። ዛሬ ቢሆን ልጄ በዚያች መርፌዋ ወጋ አድርጋ ታውቀው ነበር። ያኔ ማን ያውቃል?»

ሎጋ ወረቀቱን ከመዳፋቸው አነሳች። «እማማ... ሞታለች እኮ ታዲያ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እሷ ግን አታውቅም። እንዳትነግሪያት።»

ሎጋ ይህን ለባሏ ስትነግረው፣ ሾፌሩ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ለእህቱ ደወለ። ነርሷ ነገሩን በሙያዋ ተረጎመችው፦ ስኳሩ ሲያሻቅብ ሰው ይቃዣል፤ ከረሜላውን ደግሞ የሆነ ሰው ከሆነ ቦታ አምጥቶታል። «እኔ ቤት ትቆይ» አለች። አሮጊቷ እምቢ አሉ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻም አለቀሱ። «እንግዳዬ መጥታ ታጣኛለች» እያሉ ነው ልጆቻቸው ደግፈው መኪና ውስጥ ያስገቧቸው።

ቤቱ ለሎጋ ሰፋባት። በማግስቱ ረፋዱ ላይ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች ሳለ፣ ከኋላ ክፍል ወንበር ሲጎተት ሰማች። እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፤ ፀሐዩ ጨርቁ ላይ ተዘርግቷል። ልጅ ሆና በምትሰማው ወሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ነበር።

ከዚያ ውሃ በጉሮሮ ሲወርድ ሰማች። ትንፋሽ ሳይወስድ፣ ሳያቋርጥ የሚጠጣ ሰው ድምፅ። ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የወረቀት ጫፍ ሲጠመዘዝ፣ ቀጥሎም ጸጥታ።

ጸጥታው ግን የባዶ ቤት አልነበረም። ሰው የሚጠብቅ ሰው ያለበት ክፍል ያስታውቃል።

ሎጋ በእልህ ተነሳችና ማድ ቤቱን አልፋ በሩን ገፋች። ማንም የለም። ወንበሩ አልጋው አጠገብ ተጠግቷል። ጠዋት በልማድ ሞልታ ያኖረችው ጆግ ባዶ ነው። የሚፈላ ስኳርና የብርቱካን ጠረን ክፍሉን ሞልቶታል። አማቷ ራሳቸውን የሚያሳርፉበት የትራሱ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ከረሜላ ተቀምጣለች።

በማግስቱ ከረሜላዎቹ ብዙ ሆኑ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ላይ ዳር እስከ ዳር ተደርድረው አገኘቻቸው፤ መጠቅለያ ጠረጴዛ ላይ እንደሚደረደሩት፣ ጫፍ ለጫፍ። የጓሮው ቧንቧም ተከፍቶ ውሃው ይፈስ ነበር። ሾፌሩ መጥቶ በዓይኑ አየ። ከረሜላውን ጠራርጎ በጆንያ አውጥቶ ጣለና፣ ጠዋቱን ከሥራ ቀርቶ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ አለ። ሎጋ ከፊተኛው ክፍል ሆና ጠበቀችው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄዶ ራሱን ውሃው ሥር አስገባ።

«ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም» አለ፣ ውሃው ካገጩ እየተንጠባጠበ። «ጆጉን ግን አየሁት። ውሃው ሲጎድል አየሁት፣ ሎጋ።» ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ማንም ሊያናግረው አልቻለም።

በዚያው ሰሞን ነርሷ ደወለች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። እናቷ እህል በአፋቸው አላዞር ብለዋል፤ ስኳሩ አሁን ደግሞ ከልክ በታች ወርዶ ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲነቁ የመጀመሪያ ቃላቸው «ቤቴ መልሱኝ» ነው። «እዚህ ከምትሞትብኝ እዚያ በፈለገችው ታበድ» አለች ነርሷና አለቀሰች።

አሮጊቷ ሲመለሱ እግራቸው ደንዝዞ ከወንበር ሲነሱ የሚደገፉት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ሎጋ አልጋቸው ላይ አስተኝታቸው ወደ ማድ ቤት ገባችና ቆማ አሰበች። ጉንጮን እማማን ከቤት በማውጣት አላስቀሯትም። ከረሜላዋን በመጣል አላስቀሯትም። እሷ እኮ ክፉ አልያዘችም፤ ለጓደኛዋ ጣፋጭ ይዛ የምትመጣ ሰው ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትመላለስ ደግሞ እዚህ ቤት አንዲት ነገር ቅመሺ ያላት የለም። ነውር ነው።

ብርቱካን አስመጣች። ልጣጩን ነጩ ሳይነካ በስሱ ፋቀችና ከተምሩ ጋር ወቀጠችው። ኦቾሎኒውን፣ ሰሊጡንና አጃውን እንደ ቀድሞው አዘጋጀች። ማድ ቤቱ ውስጥ የተነሳው ጠረን የኋለኛው ክፍል ውስጥ ካለው ጋር ተቀላቀለ፤ አንዱ የተቃጠለ ስኳር ሲሆን ሌላው የተቆላ እህል ነው። ድብልቁን በማድበልበል ፈንታ ዳምጣ በትንንሹ ቆረጠችው። ኬክ የሚጋገርበትን ወረቀት በስፌት መቀሷ እኩል እኩል ቀደደችና፣ እያንዳንዷን ጠቅልላ ሁለት ጫፏን ጠመዘዘች። አማቷ ድምፁን ሰምተው ከአልጋቸው ተጣሩ።

«በግራ እጅሽ ያዢ፣ በቀኝሽ ጠምዝዢ! ድምፁ እኮ ያስታውቃል፤ እየተፈታብሽ ነው።»

በማግስቱ ረፋድ ሎጋ ጣፋጩን በሳህን፣ ውሃውን በሁለት ጆግ አድርጋ አቀረበች። አማቷ ቁርሳቸውን በልተዋል። አልጋው አጠገብ ባዶውን ወንበር አስጠጋችና፣ እሷ ራሷ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

በሩ አልተከፈተም። አሮጊቷ ግን ቀና አሉ።

«መጣሽ? ነይ፣ ነይ። ልጆቹ ወስደውኝ ነበር፤ አትቀየሚኝ።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። የስኳሩ ጠረን ከማዶ መጥቶ የሎጋን ፊት እንደ እንፋሎት ነካው። አንደኛው ጆግ ውስጥ ያለው ውሃ መውረድ ጀመረ፤ ማንም ሳያነሳው፣ ከላይ ወደ ታች፣ እስከ ሥሩ። አማቷ መዳፋቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ ወፍ ያለባት ከረሜላ ነበረች። ስትመጣ ሎጋ አላየቻትም፤ ዝም ብላ እዚያ ነበረች።

«እትዬ» አለች ሎጋ። ሳህኑን ወደ ወንበሩ ገፋ አደረገች። «እትዬ፣ ሁልጊዜ እርስዎ እያመጡልን አፈርን። ዛሬ የኛን ይቅመሱ። እባክዎን፣ ባዶ አፍዎን አይሂዱብን።»

ክፍሉ ቀዘቀዘ። አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ወንበሩ አዘነበሉና በጣም በቀስታ ፈገግ አሉ።

«‹እርስዎ› አትበይኝ ትልሻለች። ካንቺ በዕድሜ ታንሳለች እኮ።» ከዚያ ወደ ወንበሩ፦ «ምራቴ ናት። የልጄ ሚስት።» አዳመጡ። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «አዎ፣ እሱ ራሱ። ያ ሲድህ የምታውቂው።»

ሳህኑ ላይ አንዲት ጥቅል ተንቀሳቀሰች። ጫፎቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። ሎጋ ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ አልጨፈነችም። ወረቀቱ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የማላመጥ ድምፅ ተሰማ፤ ከረሜላ እንደሚጠባ ሰው ሳይሆን እህል እንደሚበላ ሰው፣ በዝግታ።

«ብርቱካኑ የእውነት ነው ወይ ትላለች።»

«የእውነት ነው» አለች ሎጋ። «ልጣጩን ፍቄ ነው።»

አንዲት ሌላ ተፈታች። ሌላ ደግሞ። ሁለተኛው ጆግ ግን እንደ ሞላ ቆየ። ሎጋ ይህን ልብ አለች፤ ጠጪዋ መጠጣት አቁማለች።

ከዚያ አሮጊቷ ደነገጡ። እጃቸው ወደ ራሳቸው ጸጉር ሄደ። «እሱ? አዎ፣ ነጭ ነው» አሉ። «አርጅቼ ነዋ።» ከማዶ ሆኖ የሚጠየቀውን ሎጋ አልሰማችም፤ ግን ገባት። አማቷ ያረጁበትን ዘመን ሁሉ ጠያቂዋ የት ነበረች?

«እማማ፣ ይንገሯት» አለች ሎጋ።

«እንዴት አፌን ሞልቼ?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠማ ኖራለች እኮ።»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ባዶው ወንበር ላይ፣ ጉልበት ሊኖርበት በሚችልበት ከፍታ፣ አሳረፉ። እጃቸው ወደ ታች አልወረደም። የሆነ ነገር ይዞታል።

«ጉንጮዬ» አሉ። «ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ደፋ ስትዪ እንቅልፍ አልነበረም። ጠራሁሽ፤ አልሰማሽኝም። ጸጉርሽን ያበጠርኩት እኔ ነኝ። ሹሩባሽን የሠራሁት እኔ ነኝ። እናትሽ አልቻለችም ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ሸኘሽ፤ መንገዱ አልበቃም። ብቻሽን አልሄድሽም፣ እህቴ።»

ጓሮ ውስጥ የተሰጣ አንሶላ በነፋስ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ አሮጊቷ እንባቸው እየወረደ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተነገራቸውን ለሎጋ አልተረጎሙላትም። ኋላም ጠይቃቸው አልነገሯትም።

መዳፋቸው ላይ የነበረችው ከረሜላ የለችም። ሳህኑ ላይ ከቀረው ጣፋጭ እፍኝ ያህሉ ጎድሏል። የስኳሩ ጠረን እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ወጣ፤ በማድ ቤቱ፣ በፊተኛው ክፍል፣ በስፌት መኪናው አጠገብ አልፎ። ሎጋ ጀርባዋ ላይ ሲያልፍ ተሰምቷታል። የሰው ሙቀት ነበረው። የመንገዱ በር ተከፈተና በጨዋ ደንብ ተዘጋ።

አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ አንዲት ስጪኝ» አሉ። ሎጋ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ፈትታ አጎረሰቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ትራስ ሥር አልተገኘም። ነርሷ በየሳምንቱ እየመጣች ትለካለች፤ ቁጥሩ አንዴ ወጣ አንዴ ወረድ እያለ በመጨረሻ ረጋ። ዓይናቸው አልተመለሰም። የሄደ ዓይን አይመለስም፤ ይህን ነርሷ አስቀድማ ተናግራለች። የእግራቸው መደንዘዝ ግን ተሻለ፤ ግድግዳ እየዳሰሱ እስከ ጓሮ መውጣት ጀመሩ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት ነርሷ አንድ ቀን፣ ማድ ቤት ለብቻቸው ሲሆኑ።

ሎጋ አሰበች። ይህች ሴት በመለኪያዋ የማትይዘውን ነገር አታምንም፤ ቢነገራትም ትጨነቃለች እንጂ አይጠቅማትም። «አጃውን ጨመርኩበት፣ ተምሩን ቀነስኩ» አለች። እውነት ነበር።

ነርሷ ለሌሎች ታካሚዎቿ የሚሆን እንድትሠራላት ጠየቀቻት። ሾፌሩም ወደ ሥራ ሲሄድ ጥቂት ይቋጠርለታል፤ የጎማ መጋዘኑ ጋ ሲደርስ ግን አይበላም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «መሪ ላይ ሆኜ አልበላም» ይላል፤ ሌላው መንገድ ላይ ሁሉ ሲበላ ይታያል።

አሮጊቷ ግን ለአንድ ሰሞን ጨዋታ ጠፋባቸው። ረፋዱ ሲደርስ ጸጉራቸውን ያበጥሩና ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ማንም እንደማይመጣ ሲያስታውሱ ማበጠሪያቸውን መልሰው ይተዋሉ። ጤና ሆነው ሐዘን ላይ ተቀመጡ። ሎጋ ስትፈራት የነበረችውን ሴት እኔ ነኝ የሸኘኋት ብላ ስታስብ ደስታና ጸጸት አንድ ላይ ይመጡባታል።

አንድ ረፋድ ስፌቷን አቋርጣ ገባችና አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ዳሰሱና እጇን አገኙት።

«ይከብዳል ለካ፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መቅበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«አታውቂም። አትወቂው።» ከዚያ የሎጋን ጣቶች አንድ በአንድ እየጨበጡ፣ እንደ ማንኛዋም ጣፋጭ የለመደች አሮጊት፣ «ይልቅ ተምር ተምር ሰለቸኝ» አሉ። «ነገ ምን ትሠሪልኛለሽ?»

«በዱባ ልሞክር ወይ? ከቀረፋ ጋር?»

«ዱባ!» አሉ አሮጊቷ። «እኔን ከረሜላ ጠቅላይዋን ዱባ ልታበይኝ? ጉድ ፈላ።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ሰሊጥ እንዳትረሺ ታዲያ» አሏት።